ዲዳ ቁጥር

ላሟ ክራሹ (ከብት እንዳይንቀሳቀስ የሚይዘው የብረት ማገጃ) ውስጥ ገብታለች። ሁለት ሰዎች ጭንቅላቷን ይዘውልኛል፤ እኔ የግራ ጆሮዋን በእርጥብ ጨርቅ እጠርጋለሁ። የጆሮ ንቅሳት ዝም ብሎ አይነበብም። ሰሙና አቧራው ይጸዳል፣ ጸጉሩ ይቆረጣል፣ ከዚያ ከጆሮው ጀርባ ባትሪ ይበራል፤ ብርሃኑ በቆዳው ሲያልፍ አረንጓዴው ቀለም ነጥብ በነጥብ ብቅ ይላል። አንድ። አምስት። አንድ። የመጨረሻው ላይ ግን ባትሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩ፣ ወደ ግራ አዞርኩ፣ ጆሮውን ወጠር አደረግኩ። ወረቀቱ 1513 ይላል። ጆሮው 1518 የሚል ይመስላል።

«ሦስት ነው፤ ቀለሙ ፈስሶ ነው» አለ ሻጩ።

ገዢው አልተከራከረም። እጁን ግን ከኪሱ አላወጣም። ልክ ነበር። የተመዘገበ ከብት የሚገዛ ሰው የሚገዛው የቆመችውን ላም ብቻ አይደለም። አባቷን፣ እናቷን፣ የእናቷን እናት የወተት መጠን፣ ወደ ኋላ የሚቆጠረውን ትውልድ ሁሉ ነው የሚገዛው። ያ ትውልድ ያለው ወረቀት ላይ ነው፤ ላሟ ያለችው ክራሽ ውስጥ ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጆሮ ላይ ያለች አንዲት አሃዝ ናት። እሷ ከጠፋች ፊታችን የቆመችው ደኅና የምትታለብ ላም ናት፤ ሌላ ምንም።

ያችን አራት አሃዝ የፈጠርኳት እኔ ነበርኩ። እንዲያውም አራቷ የረጅሙ ቁጥር ቁራጭ ነበረች። ስለዚያ ረጅም ቁጥር ነው መጻፍ የፈለግኩት፤ ለምን እንደኮራሁበት፣ ለምን እንዳፈርኩበት።

ጥቂት አርቢዎች ተሰባስበው ከብቶቻቸውን በአንድ መዝገብ ለመያዝ ሲወስኑ ኮምፒውተር የሚያውቅ ሰው ፈለጉ፤ የተገኘሁት እኔ ነኝ። ከእኔ በፊት የነበረው አሠራር ስም ነበር። ስም ደግሞ በአንድ በረት ውስጥ ሆኖ ከታየ የሚያስከፋ ነገር የለውም፤ ላሟን የሚያልባት ሰው በስሟ ይጠራታል፣ እሷም ዞር ትላለች። አምስት በረት አንድ ላይ ሲመዘገብ ነው ጉዱ የሚመጣው። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ሁሉ ቦራ ናት። የመጀመሪያውን ደብተር ስገልጥ ሰባት ቦራ ቆጠርኩ፤ ከእነሱ ሁለቱ «የቦራ ልጅ ቦራ» ተብለው የተጻፉ ናቸው። የየትኛዋ ቦራ ልጅ እንደሆኑ የሚያውቀው የጻፈው ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ሲጠየቅ «እንዴ፣ የቦራ ነዋ!» ነው መልሱ።

ስለዚህ ቁጥር ይውጣ ተባለ። ለመነጋገር ተቀመጥን፤ ሁሉም ሰው ቁጥሩ ውስጥ እንዲገባለት የሚፈልገው ነገር ነበረው። አንዱ «የማን ከብት እንደሆነች ከቁጥሯ ይታወቅ» አለ። ሌላው የልደት ዓመት ይግባ አለ። ማዳቀል ላይ የሚሠራው ሰው እናትየው ካልታወቀች ቁጥሩ ምን ይጠቅማል አለ። እኔም ማንንም ማስቀየም ስላልፈለግኩ፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ነገሩ ስለጣመኝ፣ ሁሉንም አስገባሁ። ዘጠኝ አሃዝ ወጣ፦ አንዱ ለበረቱ፣ ሁለቱ ለዓመቱ፣ አንዱ ለጾታ፣ ሦስቱ የእናት መለያ፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ በዚያ ዓመት በበረቱ ውስጥ ስንተኛ እንደተወለደች። ጆሮ ላይ የሚነቀሰው ዓመቱና ተራው ነው፤ 1513 ማለት በ2015 እ.ኤ.አ. አሥራ ሦስተኛ የተወለደች ማለት ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ስልክ ተደውሎ ቁጥር ሲነበብልኝ «እ፣ እቺ የእነ እገሌ ናት፣ ሦስት ዓመቷ ነው፣ እናቷ ያቺ እግሯ የሚያማት» እያልኩ ሰው አስደንቅ ነበር። ቁጥሩ የሚያወራ መስሎኝ ነበር። ኋላ እንደገባኝ፣ የሚያወራ ነገር ሁሉ ይሳሳታል።

መጀመሪያ የተሳሳተው ጾታ ነው። ሌሊት የተወለደ ጥጃ፣ ዝናብ፣ የደከመ ሰው፤ በደብተሩ ላይ ወንድ ተብሎ ተጻፈ፣ ቁጥሩ ወጣ፣ ጆሮው ተነቀሰ። ወር ሳይሞላ ጊደር መሆኗ ታወቀ። አሁን ምን ይደረግ? ቁጥሩ ቢቀየር ንቅሳቱ ይቀራል፤ የክትባት ካርዷም፣ የሚዛን መዝገቧም በአሮጌው ቁጥር ነው። «ይቅር፣ እኛ እናውቃታለን» ተባለ። ጊደሯ የወንድ ቁጥር ይዛ አደገች፣ ተዳቀለች፣ ወለደች። የጥጃዋን ልደት ላስገባ ስሞክር ራሴ የጻፍኩት ፕሮግራም ቀይ መስመር አወጣብኝ፦ እናት ወንድ ልትሆን አትችልም። የፕሮግራሙን ደንብ ለእሷ ስል አላላሁት፤ አንዴ ከላላ በኋላ ሌላ ስህተት በዚያው ቀዳዳ ገባ።

የእናት ሦስት አሃዝ የባሰ ነው። ወደ መውለጃዋ የተቃረበች ላም የሌላዋን ጥጃ እንደ ልጇ ልታስጠጋ ትችላለች፤ ሁለት ላሞች በአንድ ሌሊት አንድ ቦታ ከወለዱ ጠዋት የሚገኘው ጥጃ ማን አጠገብ እንደቆመ እንጂ ማን እንደወለደው አይደለም። ከዚያ ደግሞ ፅንስ ማዛወር መጣ። ከአንዲት ምርጥ ላም የተወሰዱ ፅንሶች በሌሎች ላሞች ማኅፀን ውስጥ ያድጋሉ። ለዘር ሐረግ መዝገብ እናት ማለት ፅንሱ የተወሰደባት ናት፤ የተሸከመችውና ያጠባችው ተቀባይ ብቻ ናት። በረት ውስጥ ያለው ሰው ግን በዓይኑ ያየው ይቺኛዋን ስትወልድ ነው። በዚያ ዓመት ከተወለዱት የፅንስ ጥጆች ገሚሱ የሰጪዋን፣ ገሚሱ የተቀባይዋን አሃዝ ይዘው ወጡ። አንድ አባትና አንዲት እናት ያላቸው ጥጆች ቁጥራቸው ሲታይ ባዕድ ናቸው።

የቀረውን በአጭሩ ልለፈው። አሥር በረት ብቻ የሚይዝ አሃዝ ነበረኝ፣ አሥራ አንደኛው አርቢ መጣ። ሁለት በረቶች ተቀላቀሉ። ላሞች ተሸጡ፤ የበረቱ አሃዝ ግን ያለፈውን ጌታቸውን ስም እየጠራ ቀረ። አንዱ በረት በአንድ ዓመት መቶኛውን ጥጃ ወለደ፤ 00 ሰጠሁት፣ በማግስቱ መቶ አንደኛው ተወለደ።

ቁጥር ውስጥ የገባ መረጃ ሁሉ ወይ ሲገባ ስህተት ነው፣ ወይ ቆይቶ ይለወጣል። ቁጥሩ ደግሞ አንዴ ከወጣ መለወጥ የሌለበት ብቸኛው ነገር ነው። ስም ላይ ታሪክ ጽፈህ ታሪኩ ሲታረም ስሙ አብሮ ይፈርሳል። ይህንን ለመረዳት አራት ዓመት ፈጀብኝ፤ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የተሠራውን መዝገብ ቀደም ብዬ ባየሁ ኖሮ አንድ ከሰዓት በቂ ነበር።

የከብት ዘር መዝገብ ታሪክ ሲነሳ ሁሌም የሚጠቀሰው ጆርጅ ኮትስ የተባለ እንግሊዛዊ በ1822 ያሳተመው የሾርትሆርን ዝርያ መዝገብ ነው። ኮርማዎቹን ቁጥር ሰጣቸው፤ ቁጥሩን የሰጣቸው በስማቸው የፊደል ተራ ነው። ውጤቱን ተመልከቱ። በ1810 በጨረታ 1,000 ጊኒ (የድሮ የእንግሊዝ ገንዘብ) የወጣው ዝነኛው ኮርማ ኮሜት ቁጥሩ 155 ነው። አባቱ ፌቨሪት 252 ነው። በ1777 የተወለደው፣ ከሁለቱም የሚቀድመው ሃባክ 319 ነው። ልጅ ከአባቱ፣ አባት ከቀደምቱ ያነሰ ቁጥር ይዟል። የእኛ አርቢዎች ይህን ቢያዩ «ምን ዓይነት ዝርክርክ ነው» ይሉ ነበር። ግን ቁጥሩ ስለ ኮርማው ምንም ስለማይል ምንም ሊዋሽ አይችልም። በዚያ ላይ ፌቨሪት ለኮሜት አባትም፣ የእናቱ አባትም ነው፤ ዘመድ ከዘመድ እያዳቀሉ ነበር የሚሠሩት። ትውልድን በአሃዝ ልቁጠር ያለ ሰው ቢኖር ኮሜትን ከአባቱ አንድ ትውልድ ይለየው ወይስ ሁለት? ኮትስ ይህን ጥያቄ አልጠየቀም፤ 155 ብሎ አለፈ። ዛሬም የዝርያውን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ኮሜት (155) ብሎ ይጽፋል፤ ማንም አይምታታበትም። መዝገቡ ጉድለት አልነበረውም ማለቴ አይደለም። ላሞች ቁጥር አልነበራቸውም፤ በስም ብቻ ነው የተመዘገቡት፣ የእኛ ሰባት ቦራዎች ዕጣ ደርሶባቸዋል።

ሌላው የተማርኩት ከፊደል ነው። ብዙ የዝርያ ማኅበራት የልደት ዓመትን በአንድ የላቲን ፊደል ይነቅሳሉ። አይ፣ ኦ፣ ኪው እና ቪ የሚባሉት ፊደላት ይዘለላሉ። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ለምን እንደወጡ ንቅሳት አይቶ የሚያውቅ ሰው አይጠይቅም፤ አይ አንድን ይመስላል፣ ኦ እና ኪው ዜሮን ይመስላሉ። የሚቀሩት 22 ፊደላት ናቸው። 2013 ኤ ነበር፣ 2014 ቢ፣ እያለ ሄዶ 2024 ኤም ላይ ደረሰ። ከ22 ዓመት በኋላ ዑደቱ እንደገና ይጀምራል። ሃያ ሁለት ዓመት ለላም ዕድሜ ይበቃል ትላላችሁ፤ እኔም ብያለሁ። ግን የኮርማ ዘር በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ተቀምጦ ከኮርማው ሞት በኋላ ለአሥርት ዓመታት ይቆያል። በ1991 የተወለደ ኮርማም ኤ ነው፣ በ2013 የተወለደውም ኤ ነው፤ የሁለቱም ዘር በአንድ ማቀዝቀዣ ጎን ለጎን ሊቀመጥ ይችላል። ፊደሉ በረት ውስጥ ላለ ሰው የሚያምር እርዳታ ነው። መዝገብ ግን በእሱ አይቆምም።

ሁለተኛውን ቁጥር ስነድፍ እንግዲህ ምንም የማይናገር እንዲሆን ወሰንኩ። ጥጃ ሲመዘገብ ቀጣዩን ቁጥር ይወስዳል፤ በቃ። በረቱ፣ እናቱ፣ አባቱ፣ ጾታው፣ ልደቱ፣ መንትያ መሆኑ ሁሉ ከቁጥሩ ጎን በየራሱ ዓምድ ይጻፋል፤ ሲሳሳት በዓምዱ ይታረማል፣ ማን መቼ እንዳረመውም ይቀመጣል። ቁጥሩን የሚነካው የለም። እዚህ ላይ አንድ ነገር ብቻ ከላይ የመጣ ደንብ ነበር፤ የኤሌክትሮኒክ መለያ መስፈርቱ። በ1996 የወጣው አይኤስኦ 11784 የሚባለው መስፈርት የእንስሳ ቺፕ (በጆሮ መለያ ውስጥ የተቀመጠ፣ በመሣሪያ የሚነበብ ትንሽ ኤሌክትሮኒክ ቁራጭ) ቁጥር 15 አሃዝ እንዲሆን ያደርጋል፦ ሦስቱ የአገር (ወይም የቺፕ አምራች) መለያ፣ አሥራ ሁለቱ የእንስሳው። ጥንዱ መስፈርት አይኤስኦ 11785 ደግሞ ማንበቢያው ቺፑን በ134.2 ኪሎኸርዝ እንዴት እንደሚያነጋግረው ይደነግጋል።

እዚህም ልሳሳት ምንም አልቀረኝም ነበር። አሥራ ሁለቱን አሃዝ ሳገኝ የድሮው ሱስ ተነሳብኝና የመጀመሪያዋን አሃዝ ለዝርያ ላድርጋት ብዬ በ5 ጀምሬ ለታግ (ጆሮ ላይ ለሚሰካው መለያ) አቅራቢው ላክሁ። «አይገባም» የሚል መልስ መጣ። ቺፑ ውስጥ ለእንስሳው ቁጥር የተተወው ቦታ 38 ቢት (38 የ0 ወይም የ1 ቦታ) ነው፤ የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 274,877,906,943 ነው። ወረቀት ላይ አሥራ ሁለት ዘጠኝ መደርደር ይቻላል፣ ቺፑ ግን በ5 የሚጀምር አሥራ ሁለት አሃዝ አይቀበልም። እግዜር ይስጠው፣ ያ ቺፕ ከራሴ አዳነኝ።

ከቺፑ ያመለጠውን ደግሞ ኤክሴል ይዞኝ ነበር። አሥራ አምስት አሃዝ እንደ ቁጥር ከገባ ኤክሴል አሳጥሮ በሳይንሳዊ አጻጻፍ ያሳየዋል፤ ሁሉም ላም አንድ ዓይነት ትመስላለች። ከፊት ዜሮ ካለ ደግሞ ሳይጠይቅ ይሰርዘዋል። የአውስትራሊያ የአገር መለያ 036 ነው፤ ዜሮዋ ስትወድቅ አሥራ አምስቱ አሥራ አራት ይሆናሉ። መለያ ቁጥር ይባል እንጂ አይደመርም፣ አይባዛም፤ በአሃዝ የተጻፈ ስም ነው። ዓምዱን ገና ከጅምሩ «ጽሑፍ» ብላችሁ ክፈቱት። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ቀድሞ የነገረኝ ሰው ቢኖር ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አተርፍ ነበር።

ከዚያ ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የወሰደብኝ ቁጥሩ ራሱ ሳይሆን ታጉ ነው። ለረጅም ጊዜ ሁለቱን አንድ አድርጌ አስብ ነበር። ታግ ዕቃ ነው። አጥር ይይዘዋል፣ ቅርንጫፍ ይነቅለዋል፣ ፕላስቲኩ በፀሐይ ይሰነጠቃል። በጆሮው መካከል፣ በሁለቱ የልም አጥንት መስመሮች መሃል በደንብ ካልገባ ቁስሉ ያመረቅዛል፣ ጆሮውን ቀድዶ ይወድቃል። የወደቀው ተራ የፕላስቲክ ታግ ከሆነ ያንኑ ቁጥር አሳትሞ መተካት ይቻላል። ቺፕ ሲሆን ግን ቁጥሩ ፋብሪካ ውስጥ የተጻፈ ነው፤ አዲሱ ቺፕ ሌላ ቁጥር ይዞ ሊመጣ ይችላል። ያኔ ላሟ አዲስ ላም ልትሆን ነው? ስለዚህ ሦስት ነገር ለየሁ፦ እንስሳዋ፣ የመዝገብ ቁጥሯ፣ እና ጆሮዋ ላይ የተሰካው ዕቃ። አንዲት ላም በዕድሜዋ አንድ የመዝገብ ቁጥርና አራት ቺፕ ሊኖራት ይችላል። እያንዳንዱ ቺፕ ከየት ቀን እስከ የት ቀን ጆሮዋ ላይ እንደነበረ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለ። አሰልቺ ሠንጠረዥ ነው፤ ከሠራሁት ሁሉ እሱን ነው የምወደው።

ማረጋገጫ አሃዝ የሚባለውንም ጨመርኩ። ነገሩ ቀላል ነው። በአራት አሃዝ ላሳያችሁ። ቁጥሩ 2417 ነው እንበል። አሃዞቹን በተራ በ5፣ በ4፣ በ3፣ በ2 አባዙ፦ 10፣ 16፣ 3፣ 14። ድምሩ 43። ለ11 ሲካፈል 10 ይተርፋል፤ 11 ለመሙላት 1 ይቀራል። ቁጥሩ 2417-1 ተብሎ ይጻፋል። አሁን አንድ ሰው በስልክ ሲቀበል 2471-1 ብሎ ቢገለብጠው ስሌቱ 10፣ 16፣ 21፣ 2፣ ድምሩ 49፣ ትርፉ 5፣ ማሟያው 6 ይሆናል። አንድ ሳይሆን ስድስት መሆን ነበረበት፤ ኮምፒውተሩ እዚያው ያቆመዋል። የአንድ አሃዝ ስህተትም፣ የሁለት ጎረቤታሞች መገለባበጥም አያመልጠውም። አንዳንዴ ማሟያው 10 ይወጣል፣ በአንድ አሃዝ አይጻፍም፤ እንዲህ ያለውን ቁጥር ዝም ብለን እንዘለዋለን። በድሮው አሠራር ቁጥር መዝለል አይቻልም ነበር፤ የጎደለ ተራ «ጥጃው የት ሄደ?» ያስብላል። ዲዳ ቁጥር ግን ቢዘለል የሚጠይቅ የለም።

የከብቶቹ ኃላፊ ግን ይህ ሁሉ አልጣመውም። ዕድሜውን በረት ውስጥ ያሳለፈ ሰው ነው፤ ጋሼ እንለዋለን። አዲሱን ታግ እጁ ላይ እያገላበጠ ራቅ አድርጎ ያዘው፣ ቀረብ አደረገው።

«ልጄ፣ ይህን ሁሉ አሃዝ ማን ይጠራዋል?»

«ማንበቢያው ያነበዋል፣ ጋሼ። እርስዎ ማስታወስ አይጠበቅብዎትም።»

«ማንበቢያው ላሟ ሸሽታ እዚያ ማዶ ስትቆም ያነባታል?»

መልስ አልነበረኝም። የቺፑ ማንበቢያ ከጆሮዋ አጠገብ ካልደረሰ ምንም አያይም። እሱ የሚፈልገው ከሩቅ የሚታይ፣ ሲጠራ አፍ የማይሞላ፣ ሲሰማ ደግሞ አንድ ነገር የሚነግር ቁጥር ነው፦ የዘንድሮ ጊደር ናት ወይስ የአምና፣ የየትኛው ጋጣ ናት። ማለትም እኔ አራት ዓመት የተሟገትኩለትንና በኋላ የጣልኩትን ያንኑ የሚያወራ ቁጥር። መጀመሪያ እንቢ አልኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ፦ ስህተቴ ቁጥሩ መናገሩ አልነበረም፣ የሚናገረውን ቁጥር መዝገብ ማድረጌ ነው። ስለዚህ ለጋሼ ትልልቅ ጥቁር አሃዝ ያለበት ቢጫ ታግ ተሰጠው፤ ሦስት አሃዝ፣ በፈለገው ደንብ። ላሟ ስትሸጥ ወይም ስትሞት ቁጥሩን ለሌላ ይሰጠዋል፣ በረት ስትቀይር ይቀይርላታል። መዝገቡ ውስጥ አንድ ዓምድ ነው፣ እንደ ቅጽል ስም። የመዝገብ ቁጥሩ ግን ላሟ ብትሞትም ለሌላ አይሰጥም።

ለምን አይሰጥም ብለው የሚጠይቁ አሉ፤ ላሟ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል፣ ቁጥሯ ምን ይሠራል? የእብድ ላም በሽታ ምልክቱ የሚታየው ላሟ ከተበከለች በአማካይ ከአራትና አምስት ዓመት በኋላ ነው። ማርች 20 ቀን 1996 የብሪታንያ መንግሥት በሽታው ከሰው ሕመም ጋር ግንኙነት ሳይኖረው እንደማይቀር ለፓርላማ ሲያሳውቅ፣ በሳምንቱ የአውሮፓ ኅብረት የአገሪቱ የበሬ ሥጋ ወደ ውጭ እንዳይላክ አገደ። ያኔ የሚጠየቀው ጥያቄ «የታመመችው ላም ጥጃ ሳለች ምን በላች፣ ከማን ጋር በላች» የሚል ነው፤ የሚመልሰው ዛሬ የቆመ ከብት ሳይሆን የድሮ መዝገብ ነው። ኅብረቱ በ1997 ከዚያም በ2000 ባወጣቸው ደንቦች በሁለቱም ጆሮ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር፣ የከብት ፓስፖርትና ብሔራዊ ዳታቤዝ ግዴታ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ጃፓን በሽታው በ2001 ከተገኘባት በኋላ በ2003 ለእያንዳንዱ ከብት 10 አሃዝ የሰጠ ሕግ አወጣች፤ ሥጋ የገዛ ሰው ቁጥሩን አስገብቶ ከብቱ የት እንደተወለደ ማየት ይችላል።

ከበሽታው ይልቅ እኔን የሚገርመኝ ግን ቺፍ የሚባለው የሆልስታይን (የወተት ከብት ዝርያ) ኮርማ ነገር ነው። በ1962 አሜሪካ ውስጥ ተወለደ። ሴት ልጆቹ ወተታሞች ስለነበሩ ዘሩ በሰፊው ተበተነ፤ 16,000 ገደማ ሴት ልጆች ወለደ። በ2011 ተመራማሪዎች የብዙ ሺህ ሆልስታይኖችን ዘረመል ሲመረምሩ መኖር የነበረበት አንድ ነገር አጡ፦ አንድን የዘረመል ቁራጭ ከአባትም ከእናትም የወረሰ ከብት አንድም አልተገኘም። ከሁለቱም የወረሰ ፅንስ ሳይወለድ ይጨነግፋል ማለት ነው። ቁራጩን ትውልድ በትውልድ ወደ ኋላ ሲከተሉት ቺፍ ላይ ደረሱ። በኋላ በወጣ ግምት በዚህ ምክንያት የጨነገፉት ፅንሶች ከ500,000 ይበልጣሉ። ዘረመሉ ብቻውን ስም አይነግርም። ስሙን የነገራቸው ለሃምሳ ዓመት ያህል አንድም ቁጥር ለሁለት እንስሳ ሳይሰጥ የቆየ መዝገብ ነው።

ወደ ላሟ ልመለስ፤ ክራሽ ውስጥ ትቻት ነው የሄድኩት።

ሽያጩ ለጊዜው ቀረ። ከጅራቷ ጫፍ ጸጉር ከነሥሩ ነቅለን ለዘረመል ምርመራ ላክን። ውጤቱ ሲመጣ ወረቀቷ ላይ ያሉት አባትና እናት ወላጆቿ አይደሉም። የ1518 ወላጆች ግን በትክክል ወላጆቿ ናቸው። ጆሮው እውነቱን ነበር የሚናገረው፤ የተሳሳተው ወረቀቱ ነው። የድሮውን ደብተር ገለጥኩ። አሥራ ሦስተኛዋና አሥራ ስምንተኛዋ ጊደሮች የተነቀሱት በአንድ ቀን ነው። ንቅሳቱን የመታው ሰው መርፌዎቹን መቆንጠጫው ላይ ከደረደረ በኋላ በካርቶን ላይ ሞክሮ ነበር፤ ካርቶኑ እንኳን ደብተሩ ውስጥ ተጣብቆ አለ፣ አሃዙ ጥርት ብሎ። ንቅሳቱ ልክ ነው። የተቀያየረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ከሁለቱ አንዷ ከሁለት ዓመት በፊት ስትሸጥ የተሳሳተው ወረቀት አብሯት ሄዷል። ማረጋገጫ አሃዝ ይህን አይዝም። ሁለቱም ቁጥሮች ትክክለኛ ናቸው፤ የተለዋወጡት ላሞቹ ናቸው።

በድሮው አሠራር ቢሆን የሁለቱም ረጅም ቁጥር ይፈርስ ነበር፤ የእናት አሃዙ ውስጡ ነውና። ልጆቻቸውም የእነሱን አሃዝ ተሸክመዋል። በአዲሱ ግን ሥራው ሁለት ዓምድ ማረም ነው። ግን ከማረሜ በፊት ሌላኛዋን ማየት ነበረብኝ። የገዛትን በረት ስልክ ፈልጌ ደወልኩ።

«1518 እናንተ ጋ አለች?»

«አለች።» የወረቀት ድምፅ ተሰማኝ። «አሥራ አምስት አሥራ ስምንት፤ ይኸው ወረቀቷ።»

«ወረቀቱን ተወውና እባክህ ጆሮዋን እይልኝ። የግራውን። ባትሪ ያዝ።»

አጉረመረመ። ስልኩን ሳይዘጋ ሄደ፤ የብረት በር ሲከፈት፣ አንዱ «ቆይ፣ ቆይ፣ ያዛት» ሲል፣ ሰኮና ሲሚንቶ ላይ ሲንሸራተት ይሰማኛል። ረዘም ያለ ዝምታ ሆነ። እስክሪብቶዬን ይዤ ጠበቅሁ።

«ስማ» አለ ሲመለስ፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ። «መጨረሻው ሦስት ነው።»